የሶላር ባትሪ አያያዝ በቆላማ አጥቢያዎች፦ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ሰበካ ጉባኤያት የተዘጋጀ ትምህርት



ጌታችን ስለ ዐሥሩ ደናግል ባስተማረው ምሳሌ፣ ልባሞቹ ከሰነፎቹ የተለዩት መብራት በመያዛቸው አልነበረም፤ መብራቱ በሁሉም እጅ ነበረ። የለያቸው በማሰሮ የተያዘው ትርፍ ዘይት ነው። ዛሬ በብዙ የገጠር አጥቢያዎች የዘይቱን ማሰሮ ሥራ የሚሠራው በዕቃ ቤቱ ጥግ የተቀመጠው የሶላር ባትሪ ነው። ፓኔሉ በጣሪያ ላይ ስለሚታይ ሁሉም ያውቀዋል፤ ባትሪውን ግን እስኪሞት ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በሞተ ጊዜ ደግሞ ምእመናን ከሰሊጥና ከማሽላ ምርታቸው ቆርሰው ያዋጡት ገንዘብ አብሮ ይሞታል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በተለይ በመተማ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በአካባቢው ለሚገኙ አጥቢያዎች ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ስለዚህ ለደጋ የሚበቃው የባትሪ አያያዝ ለቆላ አይበቃም።

፩. የባትሪው ዓይነትና ጠባይ

የእርሳስና የአሲድ ባትሪን ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ በ1859 እ.ኤ.አ. ከሠራው ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። የእርሳስ ሰሌዳዎች በአሲድና በውሃ ድብልቅ ውስጥ ይቆማሉ። ኃይል ሲወጣ በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል፤ ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ይኸው ሰልፌት ተመልሶ ይሟሟል።

የመኪና ባትሪና የሶላር ባትሪ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በጠባይ ግን ይለያያሉ። የመኪናው ባትሪ ብዙና ስስ ሰሌዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ የተሠራ ነው። ነጋዴዎች «ዲፕ ሳይክል» የሚሉት የሶላር ባትሪ ግን ሰሌዳዎቹ ወፍራም ስለሆኑ ለረጅም ሰዓት በዝግታ ኃይል መስጠትን ይችላል። ስለዚህ ከገበያ በርካሽ የተገኘ የከባድ መኪና ባትሪ ለሌሊት ማኅሌት ቢውል፣ ጥቂት ደርዘን ጊዜ እስከ መጨረሻው ከወረደ በኋላ ይበላሻል። በግዢ ጊዜ የተቆጠበው ገንዘብ በዓመቱ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

፪. ግማሹን ለነገ መተው

የመጀመሪያውና ትልቁ ሕግ ይህ ነው፦ ከባትሪው ከግማሽ በላይ አትውሰዱ። በየሌሊቱ ሲሶው ብቻ የሚወጣለት ባትሪ፣ ግማሹ ከሚወጣለት ይልቅ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ ግማሹ የሚወጣለትም አራት አምስተኛው ከሚወጣለት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው፦ የወረደ ባትሪ ወርዶ አይደር። በሰሌዳው ላይ የተጋገረው ሰልፌት ወዲያው ከተሞላ ይሟሟል፤ ለቀናት ከቆየ ግን ይጠነክርና የማይመለስ ቅርፊት ይሆናል። የክብረ በዓል ሌሊት ባትሪውን አውርዶ በማግሥቱ ፓኔሉ በአቧራ እንደተሸፈነ መተው፣ ሰሌዳውን በገዛ እጅ ማደንዘዝ ነው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ባትሪው እስከ መጨረሻው መሙላት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። ብዙዎቻችን «ኢንቨርተሩ ራሱ ስለሚያጠፋ ባትሪው አይጎዳም» እንላለን። ብዙ ኢንቨርተሮች የሚያጠፉት ግን የባትሪው ቮልት ወደ 10.5 ሲወርድ ነው። በዚያ ጊዜ ባትሪው ባዶ ሆኗል፤ ጉዳቱም ደርሷል። የቻርጅ መቆጣጠሪያው ኮንትሮለር ቀደም ብሎ በ11 ቮልት ገደማ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሆኖም ኢንቨርተሩ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ከታሠረ ኮንትሮለሩ አያየውም። ስለዚህ ጠባቂው መሣሪያው ሳይሆን ሰው ነው።

፫. ባትሪን በቁጥር ማንበብ

የባትሪን ሁኔታ ለማወቅ አንድ ተራ የቮልት መለኪያ፣ በተለምዶ ቴስተር የሚባለው፣ ይበቃል። ንባቡ የሚታመነው ግን ባትሪው ባረፈበት ጊዜ ነው፤ ማለትም ፓኔሉ እየሞላው ወይም አምፖልና ድምፅ ማጉያ እየበሉት ባለበት ሰዓት የሚታየው ቁጥር ያሳስታል። ሲሞላ ከእውነቱ ከፍ ብሎ፣ ሲሠራ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ባረፈበት ጊዜ ንባቡ በግምት እንዲህ ይተረጎማል፦

• 12.7 እና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ ነው።
• 12.4፦ ሦስት አራተኛው አለ።
• 12.2፦ ግማሹ አለ፤ እዚህ ላይ መቆም ይገባል።
• 12.0፦ ሩብ ቀርቷል፤ ባትሪው እየተጎዳ ነው።
• 11.8 እና ከዚያ በታች፦ ባዶ ነው።

ውሃ የማይጨመርባቸው ድፍን ባትሪዎች፣ ለምሳሌ ጄል የሚባሉት፣ ከዚህ በ0.1 ቮልት ገደማ ከፍ ብለው ሊታዩ ይችላሉ። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ካላችሁ ደግሞ የአሲዱን ክብደት የሚለካው ሃይድሮሜትር ከቴስተር ይልቅ ታማኝ ነው፤ 1.265 ገደማ ሲያሳይ ባትሪው ሙሉ፣ 1.19 ገደማ ሲያሳይ ግማሽ ነው። ከስድስቱ ጉድጓዶች አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ፣ የታመመው እርሱ ነው።

ለንባብ የሚመቹ ሁለት ሰዓቶች አሉ። አንደኛው ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መብራት ሳይበራ ነው፤ ይህ ቀኑ ምን ያህል እንደሞላ ይነግረናል። ሁለተኛው ንጋት ላይ ሁሉም ጠፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ፓኔሉን ሳትነካ ነው፤ ይህ ደግሞ ሌሊቱ ምን ያህል እንደወሰደ ይነግረናል።

በቅርብ ዓመታት የመጡት የሊቲየም ባትሪዎች ግን በዚህ ሠንጠረዥ አይነበቡም። ቮልታቸው ከሙሉ እስከ ባዶ ሊደርስ ሲል ድረስ እምብዛም ሳይለወጥ ይቆይና በመጨረሻ በድንገት ይወርዳል። ለእነርሱ የገባውንና የወጣውን ኃይል የሚቆጥር ልዩ መለኪያ ያስፈልጋል።

፬. የአንድ ሌሊት ሒሳብ

አሁን አንድ አጥቢያን በምሳሌ እናስብ። 200 ዋት ፓኔል፣ ባለ 12 ቮልትና ባለ 100 አምፔር ሰዓት አንድ ባትሪ፣ አንድ ኢንቨርተር አለው። 12 በ100 ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት በሌሊት ልንወስድ የምንችለው 600 ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

በተለመደ ቀን ባለ 9 ዋት 4 አምፖሎች ለ4 ሰዓት ቢበሩ 144፣ በአማካይ 60 ዋት የሚበላ ድምፅ ማጉያ ለ3 ሰዓት ቢሠራ 180፣ በድምሩ 324 ዋት ሰዓት ይወጣል። ኢንቨርተሩ ለራሱ የሚበላውን 15 ከመቶ ያህል ስንጨምር 380 ይሆናል። ይህ ከባትሪው ሲሶ ያነሰ ነው። በበጋ ፓኔሉ አቧራና ሙቀት የሚወስዱበት ተቀንሶ በቀን 600 ዋት ሰዓት ያህል ቢመልስ፣ ሒሳቡ ያለ ችግር ይዘጋል።

ችግሩ የሚመጣው በፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ምእመናን በሰዓታትና በውዳሴ ማርያም ይተጋሉ፤ የሌሊቱ አገልግሎት ይረዝማል። ወቅቱ ግን ክረምት ነው፤ ሰማዩ ደመናማ ስለሆነ ፓኔሉ የሚሰበስበው ፀሐይ ከዓመቱ ሁሉ ያነሰ ነው። ኃይል በብዛት የሚፈለግበትና ኃይል በጥቂቱ የሚገኝበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

እነዚያው 4 አምፖሎች ለ8 ሰዓት፣ ድምፅ ማጉያውም ለ6 ሰዓት ቢሠሩ 648 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከኢንቨርተሩ ድርሻ ጋር 762 ይደርሳል። በደመናማ ቀን ፓኔሉ 400 ብቻ ቢመልስ፣ በሁለተኛው ምሽት ባትሪው የሚጀምረው ከ1200 ሳይሆን ከ838 ነው። በሁለተኛው ሌሊት እንደገና 762 ከወጣ፣ ንጋት ላይ የሚቀረው 76 ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም ማለት ባትሪው ባዶ ሆኗል። በጾሙ ሦስተኛ ሌሊት መብራቱ በሰዓታቱ መካከል ይጠፋል፤ ባትሪውም የቀሩትን ቀናት ወርዶ ይሰነብታል። ከዚያ በኋላ «ባትሪው ጥራት የለውም» ብሎ ነጋዴውን መውቀስ ትክክል አይሆንም።

መፍትሔው አገልግሎቱን ማሳጠር ሳይሆን ኃይሉን መመደብ ነው። ሁለት አምፖሎች ሌሊቱን ሙሉ 8 ሰዓት፣ ሁለቱ ደግሞ 2 ሰዓት ብቻ ቢበሩ 180 ይሆናል። ድምፅ ማጉያው ለ2 ሰዓት ቢሠራ 120 ነው። በድምሩ 300፣ ከኢንቨርተሩ ድርሻ ጋር 353 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ደመናማው ቀን ከሚመልሰው 400 ያነሰ ስለሆነ ባትሪው ዐሥራ አምስቱንም ሌሊት ይዘልቃል። አባቶቻችን ሰዓታቱን ያለ ድምፅ ማጉያ ለዘመናት አድርሰዋል፤ በውስጥ ለተሰበሰበው ሕዝብ የካህኑ ድምፅ ይበቃል።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌም በየሳምንቱ ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቆም እንዲሁ አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። የጽጌው ማኅሌት በሳምንት አንድ ጊዜ በመሆኑና ሰማዩም እየጠራ ስለሚሄድ፣ በመካከል ያሉት ቀናት ባትሪውን ለመሙላት ይበቃሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን በእነዚያ ቀናት ሌላ ሰው ኃይሉን ካልወሰደው ነው።

፭. ስልክና እንግዳ

ይህ «ሌላ ሰው» ብዙ ጊዜ ስልክ ነው። አንድ ስልክ ለመሙላት 15 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ትንሽ ይመስላል። ዐሥር ስልኮች ማታ ከተሰኩ ግን ከብክነቱ ጋር 200 ዋት ሰዓት ያህል፣ ማለትም የሌሊቱን ድርሻ ሲሶ ይወስዳሉ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ስልካቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የሚገቡ ወገኖች ዘመዶቻቸውን የሚያገኙት በስልክ ነው። እንግዳን መመለስ የክርስቲያን ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ በሩ አይዘጋ፤ ሰዓቱ ግን ይወሰን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የምትሰጠው ኃይል ለስልክ ይዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፀሐይ ለሌሊቱ ባትሪውን ይሙላ። በጠራ ቀን ባትሪው ስለሚሞላ፣ ትርፉ ያለ ጉዳት ለእንግዳው ይደርሳል።

ጀልባ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት ሌላ ሥርዓት ለእኛም ይጠቅማል። ሞተሩን የሚያስነሣው ባትሪና ለመብራትና ለሬድዮ የሚውለው ባትሪ ተለያይተው ይታሠራሉ፤ መብራቱ ቢያልቅ እንኳ ጀልባው በሐይቅ መካከል እንዳይቀር ነው። አጥቢያም እንደዚሁ የመቅደሱን መብራት ለብቻው በአነስተኛ ባትሪ፣ ድምፅ ማጉያውንና ስልኩን በሌላ ባትሪ ማድረግ ይችላል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚበሩ አምፖሎችን መጠቀም ደግሞ ኢንቨርተሩ የሚበላውን 15 ከመቶ ያስቀራል።

፮. የቆላው ሙቀት

ባትሪ የሚሠራው በ25 ዲግሪ ሙቀት ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ 5 ዓመት የሚያገለግል ባትሪ፣ በአማካይ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ከ2 ዓመት ተኩል ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በመተማ ባትሪን በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ዕድሜውን ከመጀመሪያው መቁረጥ ነው።

• ባትሪው ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ባለው፣ ነፋስ በሚያስገባ፣ የከሰዓት ፀሐይ በማያገኘው ክፍል ይቀመጥ።
• ምስጥ ስለሚበላው በቀጥታ በእንጨት መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የብረት መቆሚያ ላይ ይሁን።
• ኮንትሮለሩ የሙቀት መለኪያ ካለው ይሠካ። በ40 ዲግሪ ሙቀት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከተለመደው በ0.3 ቮልት ገደማ ዝቅ ባለ ቮልት መሞላት አለበት፤ አለዚያ ይፈላና ይደርቃል። ኮንትሮለሩ የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ከሆነም ከባትሪው ጋር መስማማቱ ይረጋገጥ።
• ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በየ15 ቀኑ፣ በሌላው ጊዜ በየወሩ ይታይ። የሚጨመረው የባትሪ ውሃ የሚባለው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የጉድጓድ ውሃም ሆነ አሲድ አይጨመርም። የሚጨመረውም ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው።
• የሞቀ ፓኔል ኃይሉ ስለሚቀንስ ከጣሪያው ጥቂት ተነሥቶ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ይታሠር። አቧራው ጠዋት ፓኔሉ ሳይሞቅ በለስላሳ ጨርቅና በውሃ ይጠረግ።

፯. ስለ ጥንቃቄ

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ በታፈነ ክፍል ከተጠራቀመ ግን በጥቂት የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። በብዙ አጥቢያዎች ባትሪው የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት፣ ጽናው የሚለኮስበት፣ ጧፍና ዕጣን የሚቀመጥበት፣ የብራና መጻሕፍትና አልባሳትም የሚጠበቁበት ክፍል ነው። ይህ አይገባም። ባትሪው ከእሳትና ከንዋያተ ቅድሳት የተለየ፣ ከላይ አየር ማውጫ ያለው ቦታ ይዘጋጅለት።

አሲድ ቆዳ ወይም ዐይን ቢነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መታጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በባትሪው ጫፎች ላይ የሚወጣው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት በውሃ በተበጠበጠ ሶዳ ይጠረግ። አዲስ ባትሪን ከአሮጌ ጋር አታጣምሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። የሞተ ባትሪ ደግሞ እርሳሱን ለማውጣት በመንደር አይሰበር፤ እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ለሚረከብ ነጋዴ ይመለስ።

፰. ኃላፊው ማን ነው?

የሁሉም የሆነ ባትሪ የማንም አይደለም። ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ ይሰይም፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል መሆኑ ይመረጣል። እነርሱም አንድ ደብተር ይያዙ፤ በየቀኑ ቀኑን፣ የማታውን ቮልት፣ የንጋቱን ቮልትና የሌሊቱን አገልግሎት ዓይነት ይጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ ይናገራል፦ በተመሳሳይ አገልግሎት የንጋቱ ንባብ ከወር ወር እየወረደ ከሄደ ባትሪው እያረጀ ነው። ያን ጊዜ ኮሚቴው መብራት ከመጥፋቱ በፊት ለምትኩ ማዋጣት ይጀምራል።

ለሌሊቱም ቀላል ትእዛዝ ይለጠፍ፤ እነዚህ ቁጥሮች መብራት እየበራ የሚነበቡ ናቸው፦ 12.1 ሲደርስ ድምፅ ማጉያው ይጥፋ፤ 11.9 ሲደርስ ከአንድ አምፖል በቀር ሁሉም ይጥፋ። ትእዛዙን አስተዳዳሪው በጉባኤ ፊት ካጸደቁት፣ ወጣቱ ኃላፊ በበዓል ሌሊት ማብሪያውን ሲያጠፋ አባቶችን የደፈረ አይመስልም። ብዙ ባትሪዎች የሚሞቱት በዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ የሚያውቀው ልጅ ለመናገር በማፈሩ ነው።

ለውይይት

1. የአጥቢያችን ባትሪ ስንት አምፔር ሰዓት ነው? ግማሹ ስንት ዋት ሰዓት ይሆናል?
2. ባለፈው ፍልሰታ በየሌሊቱ ምን ምን በርቶ ነበር? ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ።
3. ባትሪው የሚገኝበት ክፍል ቀን 8 ሰዓት ላይ ስንት ዲግሪ ይሞቃል? እሳት የሚለኮሰው ከእርሱ ምን ያህል ርቆ ነው?
4. ዛሬ ማታ ቮልቱን የሚያነበው ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ጉባኤው ባይበተን መልካም ነው። ልባሞቹ ደናግል ዘይታቸውን ያዘጋጁት ሙሽራው ሳይመጣ ነበርና፣ እኛም የፍልሰታውን ብርሃን በሰኔ እናዘጋጀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።